ማትስ የሚጥለን 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም

ጊዜው 2016 ዓ.ም.፣ ጥር ወር ነው። ደብረ ታቦር ጥር ላይ እንዴት እንደምትበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲመሽ የጉና ንፋስ በበር ስንጥቅ ሳይቀር ይገባል። እናቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የመጣችው ከጉና ግርጌ፣ ከፋርጣ ገጠር ነው። አባቷ በየሁለት ሳምንቱ በሶ፣ ድንችና የገብስ ቆሎ ያመጡላታል። የቤት ኪራዩን የሚከፍሉት በግ እየሸጡ ነው። ታናሽ ወንድሟ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርና ቤት ውስጥ "እሷ ካለፈች እሱንም ከተማ እንልከዋለን" ተብሏል። አንድ ፈተና፣ ሁለት ልጅ ማለት ነው።

አንድ ማታ በሬን አንኳኳች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ… ማትስ ይችላል ሲሉ ሰምቼ ነው።"

እኔ መምህር አይደለሁም፤ የምሠራው ባንክ ነው። ግን ሃይስኩል እያለሁ ሂሳብ አይከብደኝም ነበር። ግቢ አልኳት። ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ከ60 በላይ ፒዲኤፍ! የስንት ዓመት የኢንትራንስ ጥያቄ ከነመልሱ፣ ሾርት ኖት፣ የቀመር ዝርዝር፣ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ሞዴል ፈተና። ሁሉንም ከቴሌግራም ያወረደችው በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሳይቋረጥ በፊት ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ግን ቻናሎቹ ጸጥ ብለዋል። ትምህርቱም በግጭቱ ምክንያት አንዴ ሲቋረጥ አንዴ ሲቀጥል ነበር።

"ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ" አለች። "ግን በሞዴሉ ማትስ 22 ነው ያመጣሁት።"

22 ከመቶ። "አንብቤያቸዋለሁ" ያለችው ቃል ግን ከ22ቱ ይልቅ አሳሰበኝ። ሂሳብ ይነበባል እንዴ?

መልሱ ልክ፣ መንገዱ ስህተት

ከፒዲኤፎቹ አንዱን ከፈትኩና የሊሚት ጥያቄ መረጥኩ። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9 ከላይ አለ፤ ኤክስ ሲቀነስ 3 ከታች አለ፤ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ስንት ይሆናል? ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ጥያቄ ነው። "ስሪው" ብዬ ወረቀት ሰጠኋት።

ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። "6" አለች። መልሱ 6 ነው፤ ልክ ናት። ደስ አለኝ። ከዚያ "እንዴት አገኘሽው?" አልኳት።

"ኤክስ ስኩዌርን ለኤክስ ሳካፍለው ኤክስ፤ 9ኙን ለ3 ሳካፍለው 3። ኤክስ ሲደመር 3 ይሆናል። 3ን ሳስገባ 6።"

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ምክንያቱም መንገዱ ፍጹም ስህተት ነው። ትክክለኛው መንገድ ላይኛውን ፋክተር ማድረግ ነው፤ ኤክስ ሲቀነስ 3 በኤክስ ሲደመር 3 ሲባዛ። ከዚያ ከታች ካለው ጋር አንድ የሆነው ይጠፋፋል። እሷ ያደረገችው ግን ቁራጭ ከቁራጭ ጋር ማጣፋት ነው። አጋጣሚ ሆኖ ሁለቱም ወደ ኤክስ ሲደመር 3 ያደርሳሉ። የመልስ ዝርዝሩ ላይ ብታየው "ልክ ነኝ" ብላ ታልፈዋለች። አልፋዋለችም።

"እስቲ በቁጥር እንሞክረው" አልኳት። "10 ሲደመር 6፣ ለ5 ሲደመር 2 ሲካፈል። በአንቺ መንገድ ስንት ነው?"

"10 ለ5፣ 2። 6 ለ2፣ 3። ድምሩ 5።"

"አሁን ዝም ብለሽ ደምሪና አካፍይ።"

"16 ለ7…" እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሁለት ከምናምን ነው። 5 አይደለም!"

ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ስህተቱ ከሊሚት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የሊሚት ሐሳብ ገብቷታል። የተሳሳተችው በክፍልፋይ ነው፤ አንደኛ ደረጃ በምንማረው በተራ ክፍልፋይ። ያ ስህተት ከ12 ዓመት ልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ሲያድግ፣ ክፍል አብሯት ሲያልፍ፣ ማንም አላየውም። እሷም አላየችውም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ ማትስ 12ኛ ክፍል ላይ አይጥለንም። የሚጥለን ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ የምንሰማው የወደቀውን ድምፅ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ውጤት ሁላችንም ሰምተናል። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲነገር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 30 ሺህ ገደማ ማለት ነው። በ2015፣ 3.2 ከመቶ። በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ አለ። እየተሻሻለ ነው፤ ግን አሁንም ከ10 ተፈታኞች ከ9 በላይ የሚሆኑት አያልፉም።

ያን ሁሉ ተማሪ "ሰነፍ" ማለት ቀላል ነው። ግን ነገሩን ወደ ኋላ ተመለሱና እዩት። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር። እሱ ቀረ። አሁን አንድ ተማሪ ከስምንተኛ ክፍል የክልል ፈተና በኋላ ከትምህርት ቤቱ ውጪ የሚመዝነው ሰው የሚያገኘው 12ኛ ላይ ነው። በመሃል ያሉት አራት ዓመታት ክፍልፋዩ ቢጎድልም፣ የኔጌቲቭ ምልክቱ ቢምታታም፣ በአሳይመንትና በግሩፕ ወርክ ይታለፋሉ። ኩረጃ ሲጨመርበት ደግሞ ጉድለቱ ጭራሽ አይታይም።

ሌላም አለ። በታችኛው ክፍል ሂሳብን የተማርነው በአማርኛ ነው። "ቢያንስ" እና "ቢበዛ" ማንንም አያምታቱም። እንግሊዝኛው ሲመጣ ግን "አት ሊስት" የሚለው ቃል "ሌስ" ስለሚመስል ስንቱ ተማሪ ከትልቅነት ምልክት ይልቅ የትንሽነት ምልክት ያስቀምጣል! የእኛ ተከራይም እንደዚያው ነበረች። ሂሳቡን ታውቀዋለች፤ ጥያቄው የጠየቃትን ግን አላወቀችውም። ይሄ ስህተት በፕሮባቢሊቲም በሊኒየር ፕሮግራሚንግም ተመልሶ ይመጣል።

የስህተት ደብተር

እና ምን አደረግን? ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነውና አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። ስሙን "የስህተት ደብተር" አልነው። አሠራሩ ቀላል ነው።

አንድ የቆየ የኢንትራንስ ፈተና ትወስዳለች። መልሱን ሳታይ፣ በሰዓት፣ በወረቀት ትሠራለች። ከዚያ ታርማለች። የተሳሳተችውን እያንዳንዱን ጥያቄ ደብተሩ ላይ ታሰፍርና አጠገቡ አንድ ነገር ትጽፋለች፦ ይሄ ስህተት የስንተኛ ክፍል ነው?

አስተውሉ፤ ጥያቄው የስንተኛ ክፍል እንደሆነ አይደለም የምትጽፈው። ስህተቱ የስንተኛ ክፍል እንደሆነ ነው። የዴሪቬቲቭ ጥያቄ ተሳስታ ምክንያቱ የኔጌቲቭ ቁጥር ማባዛት ከሆነ "7ኛ" ብላ ትጽፋለች። ቃሉ ካልገባት "እንግሊዝኛ" ትላለች። ችላ ሳለ በጥድፊያ የሳተችውን "ችኮላ" ትላለች። ልክ አግኝታ መንገዱን ማስረዳት ያልቻለችውም እንደ ስህተት ይቆጠራል። ይሄ የመጨረሻው ሕግ የመጣው ከዚያች ከሊሚቷ ጥያቄ ነው።

ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ደብተሩን አብረን አየነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስህተት ከ10ኛ ክፍል በታች ነበር። ጥቂት ነገሮች እየተመላለሱ ነው የሚመጡት። እናንተም ደብተር ብትይዙ እነዚሁን ታገኟቸዋላችሁ ብዬ እገምታለሁ፦

አንደኛ፣ የድምርን ስኩዌር ለየብቻ ማከፋፈል። 3 ሲደመር 4 ስኩዌር ሲሆን 7 ስኩዌር ነው፤ 49። ለየብቻ ስኩዌር አድርጋችሁ ብትደምሩት ግን 9 ሲደመር 16፣ 25 ነው። በመሃል የጠፋው 24 የ3 እና የ4 ብዜት እጥፍ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በቁጥር ያየ ሰው ቀመሩን አይረሳውም።

ሁለተኛ፣ ኢኩዋሊቲ ባልሆነ ነገር ላይ በኔጌቲቭ ማባዛት። 2 ከ5 ያንሳል። ሁለቱንም በኔጌቲቭ 1 አባዟቸው፤ ኔጌቲቭ 2 ከኔጌቲቭ 5 ይበልጣል። ምልክቱ ዞረ። ጉና ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች 5 ከሆነና ከተማው ውስጥ ከዜሮ በታች 2 ከሆነ የቱ ይሻላል? ብርድን የሚያውቅ የፋርጣ ልጅ ይሄ አይጠፋውም።

ሦስተኛ፣ ፐርሰንት። የአንድ ኩንታል ድንች ዋጋ 2,000 ብር ነው እንበል። 20 ከመቶ ጨመረ፤ 2,400 ሆነ። ከዚያ 20 ከመቶ ቀነሰ። ብዙ ሰው "ወደ 2,000 ተመለሰ" ይላል። የ2,400 ሃያ ከመቶ ግን 480 ነው። ዋጋው 1,920 ሆነ። 80 ብር የት ገባ? መነሻው ተለውጦ ነው። አባቷ ይህን ነገር ገበያ ላይ ያለ ቀመር ያውቁታል።

እነዚህን ለማስተካከል የ12ኛውን መጽሐፍ ዘግተን ከጎረቤት ልጅ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ተዋስን። መጀመሪያ አፈረች። "ሰው ቢያየኝስ?" አለች። ግን የሰባተኛ ክፍል መልመጃ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ በጣም ፈጣን ነው። ሌላው ልጅ አንድ ዓመት የሚማረውን እሷ በሦስት ሳምንት ጨረሰችው።

የየኔታ ማረጋገጫ

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈራችን መሪጌታ እናቴ ቤት ቡና ሊጠጡ መጡ። ልጅቷ ደብተሯን ዘርግታ እየሠራች ነበር። የኔታ ቁጥር ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል።

"ሂሳብ ነው? እኛም እኮ ሂሳብ አለን" አሉና ባሕረ ሐሳብን ያወሩልን ጀመር። የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት የሚያወጡበትን ስሌት ማለት ነው። 5,500 ላይ 2016ን ደምሩ፤ 7,516። ለ19 አካፍሉት፤ 395 ጊዜ ደርሶ 11 ይተርፋል። ከ11 አንድ ሲቀነስ 10፤ እሱ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 ብታባዙት 110፤ በ30 በ30 ስትገድፉት 20 ይቀራል። ይሄ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 ብታባዙት 190፤ በ30 ስትገድፉት 10 ይቀራል። ይሄ መጥቅዕ ነው።

ሁሉንም በቃላቸው፣ ሲኒያቸውን ይዘው ነው የሠሩት። ልጅቷ በወረቀት ስትከተላቸው ቆይታ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው።

"የኔታ፣ ቢሳሳቱ ግን በምን ያውቃሉ?"

ሳቁ። "አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው ልጄ። 20 እና 10፣ 30። 30 አልመጣ ካለሽ የሆነ ቦታ ስተሻል፤ ተመልሰሽ ፈልጊ።"

ይሄ ነገር እኔንም ነካኝ። የደቡብ ጎንደር አገር እኮ የትምህርት አገር ነው። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር የሚገኝባቸው ናቸው። እዚያ ተማሪው "ተመሰከረ" የሚባለው መምህሩ ፊት ቀርቦ፣ ከላይ እስከ ታች አሰምቶ ነው። በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ መርጦ የሚወጣ የለም። ስሌቱም ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ በውስጡ አለው። መልሱን ከሌላ ሰው ወረቀት ላይ አያዩም።

እኛስ? መልስ ዝርዝሩን ከጥያቄው በፊት የምናወርድ ሰዎች ነን።

ስለዚህ ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ ጨመርን፦ መልስ ከማየት በፊት ራስን ማረጋገጥ። ኢኩዌሽን ፈትተሽ ኤክስ 4 ነው ካልሽ፣ 4ን መልሰሽ አስገቢ፤ ሁለቱ ወገን እኩል መጡ? ፕሮባቢሊቲ ሠርተሽ ከ1 በላይ ከመጣ ስህተት ነው፤ ማየት አያስፈልግም። አልጀብራ አቅልለሽ ከጨረስሽ፣ በኤክስ ፋንታ 2 አስገብተሽ መነሻውንና መድረሻውን አወዳድሪ። እያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ፈተና ክፍል ውስጥ ስልክ አይገባም፣ የመልስ ዝርዝር የለም፣ ጋሼም የለም። ያለው ይሄ ማረጋገጫ ብቻ ነው።

"ማትስን ትቼ በሌላው አካክሰዋለሁ"

ይሄን ከስንት ልጅ ሰምቻለሁ! ልጅቷም ብላኝ ነበር። እስቲ ስሌቱን እንሥራው፤ ለመሆኑ ያዋጣል?

ስድስት ትምህርት ነው፤ ከ600። ለማለፍ 300 ያስፈልጋል። ማትስ 20 ብታመጡ ከቀሩት አምስቱ 280 ማምጣት አለባችሁ፤ በአማካይ 56። ማትስ 45 ብታመጡ ግን የሚቀረው 255 ነው፤ በአማካይ 51። በሌሎቹ አምስት ትምህርቶች፣ በእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ነጥብ ቀለለላችሁ። በዚያ ላይ ፊዚክስና ኬሚስትሪ፣ በሶሻሉም ኢኮኖሚክስ፣ አፕቲቲዩዱም ራሱ ያለ ሂሳብ አይሄዱም። ማትስን የተወ ሰው አንድ ትምህርት ብቻ የተወ ይመስለዋል።

"ታዲያ እገምታለኋ!" ለሚል ደግሞ፦ የቆዩት የማትስ ፈተናዎች 65 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ናቸው፤ ምርጫው አራት ነው። ሁሉንም በግምት ያጠቆረ ሰው በአማካይ 16 ገደማ ያገኛል። ግማሹን ለማለፍ 33 ያስፈልጋል። በግምት ብቻ 33 የማግኘት ዕድል ከመቶ ሺህ ሰው አንዱን እንኳ አያደርስም። ይሄም የፕሮባቢሊቲ ምዕራፍ ነው።

በሌላ በኩል ተመልከቱት፤ 33 ለማግኘት 32 መተው ይቻላል! ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው 2 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ገደማ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ላይ 15 ደቂቃ ትቀመጥ ነበር፤ የአምስት ጥያቄ ሰዓት። ኋላ በሦስት ዙር መሥራት ለመደች። በመጀመሪያው ዙር ሲታዩ መንገዳቸው የሚታወቁትን፤ በሁለተኛው ቢያስቡባቸው የሚመጡትን፤ በሦስተኛው የቀሩትን። ቢያንስ ግልጽ ስህተት የሆኑትን ምርጫዎች ሰርዞ መገመት ይቻላል፤ ከአራት መገመትና ከሁለት መገመት አንድ አይደለም። ፈተናውን በኮምፒውተር የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ስክሪን ላይ እያነበባችሁ ወረቀት ላይ መሥራትን አሁኑኑ ልመዱ፤ ምልክት የሚጠፋው ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲገለበጥ ነው።

ስልኩስ?

ስልክ ጠላት ነው አልልም። እኔም ይህን የምጽፈው በስልክ ለምታነቡ ነው። የማይገባ ምዕራፍ የሚያስረዳ ጥሩ ቪዲዮ ወርቅ ነው። ግን ሰው ሲሠራ ማየትና መሥራት የተለያዩ ናቸው። ኳስ ያየ ሁሉ ኳስ አይጫወትም። ቪዲዮውን መሃል ላይ አቁማችሁ ቀጣዩን መስመር ራሳችሁ ጻፉት፤ ከዚያ አጫውቱት። ያወረዳችሁትን ፒዲኤፍ አትቁጠሩ፤ የጨረሳችሁትን ደብተር ቁጠሩ። ዛሬ ማታ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ የቆየ ፈተና፣ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። መብራት ከሄደም በሻማ ይሠራል።

የልጅቷን መጨረሻ ልንገራችሁ። በግንቦት ሌላ ሞዴል ወሰደች፤ ማትስ 47። በሐምሌ ኢንትራንሱን ተፈተነች። ውጤቱ ሲመጣ 271 ነው፤ 300 አልሞላም። ያን ቀን እናቴም አለቀሰች። ትምህርት በተቋረጠበት ዓመት፣ ከጥር ጀምሮ በተያዘ ደብተር ስድስት ዓመት ሙሉ አይካካስም፤ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን ሪሜዲያል ገባች፤ የሪሜዲያሉን ማትስ "ያው የእኛ ደብተር ነው" ብላ ተፈተነችና አለፈች። አሁን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ናት። ወንድሟም ደብረ ታቦር መጥቶ ይማራል፤ ያችው ክፍል ውስጥ ነው የሚኖረው። የስህተት ደብተር የጀመረው ገና ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። አርፍዶ ከመጀመር የሚሻለው ይሄ ነው።

ለፈተናው ከመሄዷ በፊት በነበረው ሳምንት ደብተሩን ይዛ መጥታ የመጨረሻውን ገጽ አሳየችኝ። "6ኛ" የሚል የለም። "7ኛ" የሚል የለም። አንድ "ችኮላ"፣ የቀሩት ሁሉ "12ኛ"።

"ጋሼ" አለች እየሳቀች፣ "አሁን እኮ የምሳሳተው የክፍሌን ነው!"

እናንተም ስህተታችሁ ከክፍላችሁ ጋር እስኪደርስ ድረስ ወደ ኋላ ሂዱለት። መልካም ጥናት፣ መልካም ፈተና!